አርባኛው ደብዳቤ

ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በስተጀርባ ያለችው ክፍል ድሮ የተበላሹ የግድግዳ ሰዓቶች ማከማቻ ነበረች። አሁን አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ትልቅ ስክሪን ይዛለች። ከዚያ በላይ አትችልም። ግድግዳዋ ግን ከጣሪያ እስከ ወለል በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍኗል፤ ቢጫው የእሷ ሥራ፣ ሰማያዊው የእሱ።

እሷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ብሎን» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አባቷ ሰዓት ሠሪው ናቸው። በልጅነቷ እጇ የገባውን ሰዓት ሁሉ ፈትታ ስትገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋት ነበር። እሱ ደግሞ ሠዓሊው ነው፤ ጆሮው ላይ ወይም ክርኑ ላይ ቀለም ሳይኖርበት የታየበት ቀን የለም።

ሁለቱ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጌም ሲሠሩ ቆይተዋል። ጌሙ ስለ አንድ ፖስተኛ ቀንድ አውጣ ነው። ቀንድ አውጣው አርባ ደብዳቤ በዛጎሉ ተሸክሞ በአንዲት ዳገታማ ከተማ ከቤት ወደ ቤት ያደርሳል። ዝናብ ሲጥል ትንሽ ይፈጥናል፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይፈልጋል፣ ጨው የፈሰሰበት ደረጃ ካጋጠመው ዞሮ ይሄዳል። ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢቸኩል ቀንድ አውጣው አይቸኩልለትም። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ዘግይተው ነው የሚደርሱት። የጌሙ ነፍስም ያለችው እዚያ ላይ ነው፤ የዘገየ ደብዳቤ በሚከፍት ሰው ፊት ላይ።

ኮዱን የምትጽፈው እሷ ናት። ሥዕሉን የሚሥለው፣ ደብዳቤዎቹንም በገዛ እጅ ጽሑፉ የሚጽፈው እሱ ነው። ዕቅዱም የእሷ ነው፤ በዕቅድ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ጌሙ ለሕዝብ ሊወጣ አሥራ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግድግዳውን ለሦስት ከፈለችው፤ «አሁን»፣ «በቅርቡ»፣ «ጌሙ ከወጣ በኋላ»። ከጠረጴዛው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አስቀመጠችና «የተተወ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያም ሕግ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ወረቀት አይለጠፍም፣ ያለው ብቻ ይነቀላል። የነቀለ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። አንዴ ካርቶን የገባ ወረቀት የሚመለሰው ሁለቱም ከፈረሙ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የጫማ ካርቶኑ ውስጥ የገባችው ጃንጥላ የያዘችው እንቁራሪት ነበረች።

«አለቃ፣ እሷን እንኳን ተያት» አለ ሠዓሊው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሦስት ቀን ነው የሣልኳት። ጉልበቷን ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።»

«ምን ትሠራለች? ንገረኝ እስቲ።»

«ትቆማለች።»

«ቆማስ?»

«ቆማ ታያለች። ጃንጥላ ይዛ የምታይ እንቁራሪት ያላት ከተማ ደስተኛ ከተማ ናት።»

ብሎን ወረቀቱን ነቀለች። «ጊዜ የለም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ካርቶኑ ውስጥ ከመጣሏ በፊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ እናቴ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለቻት።

ይህን ብላ ቀና ስትል ሠዓሊው ዓይኑን ጥሎባታል። እየሳቀ አልነበረም። አየችው፣ አያት፤ ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ግድግዳው ላይ የሚነበብ ነገር መፈለግ ጀመሩ። ከፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዓቶች በየራሳቸው ፍጥነት ይቆጥራሉ። የብሎን ልብ ከሁሉም ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

ያቺን እይታ ለመተርጎም ግን አልደፈረችም። ሠዓሊው የተቋራጩ ልጅ ነው፤ በትልቁ መንገድ ግራና ቀኝ ከቆሙት ሕንፃዎች የግማሹ ሰሌዳ ላይ ስማቸው የሚነበበው የእኚያ ተቋራጭ። ሾፌር ያደርሰዋል፤ እሱ ግን ከሱቁ ሁለት መንገድ ቀድሞ ይወርዳል። ይህን ብሎን የምታውቀው ከጫማው ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ይመጣል። መኪና ያለው ሰው እንዲህ አይጨቀይም። አፍሮብን ነው ይሆን? ትላለች አንዳንዴ።

ሰኞ ጠዋት ተቋራጩ ራሳቸው ሱቁ ደጃፍ ላይ ከመኪና ወረዱ።

ብሎን ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል ሆና ድምፃቸውን ሰማች። ክፍሏን ከሱቁ የሚለየውን መጋረጃ ልትከፍት እጇን ከሰነዘረች በኋላ ቆማ በክፍተቱ አየች። ተቋራጩ ከኪሳቸው አንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«የአባቴ ነው» አሉ። «ግንበኛ ነበር። ሲሚንቶ ገብቶበት ከቆመ ሠላሳ ዓመቱ። ይነሣ ይሆን?»

ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አዩት። «ይነሣል። እንዲህ ዓይነቱ እልኸኛ ነው።»

«ለልጄ ነው የምሰጠው። እዚህ ይመላለሳል አሉኝ።»

«ይመላለሳል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲገባም ሲወጣም ሰላም ይላል።»

«የወደብ ከተማውን ቅርንጫፍ የሚይዘው እሱ ነው። በመጪው ወር አጋማሽ ይሄዳል፣ ያለቀ ነገር ነው። ሰዓቱን እንግዲህ ሲሸኝ ላስርለት አስቤ ነው።» የተቋራጩ ድምፅ ለስለስ አለ። «እስከዚያ እንግዲህ ከልጅዎ ጋር ተጫውቶ ይጥገብ። ልጅነት ነው፣ እኔም አልከለክለውም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለዚህ ነው ነገሩ ይበልጥ ያመማት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ትናደድ ነበር። እሳቸው ግን የአባታቸውን ሰዓት እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አስረክበው፣ አመስግነው ሄዱ። ያለቀ ነገር ነው። መጪው ወር አጋማሽ ማለት ጌሙ ከመውጣቱ ስድስት ሳምንት በፊት ነው።

ወደ ግድግዳው ዞረች። ዓይኗን የሚያሳርፍላት ሥራ ነበር የፈለገችው። ያኔ ነው «ጌሙ ከወጣ በኋላ» በሚለው ረድፍ፣ ከታች ወለሉ አካባቢ፣ እስከዛሬ ልብ ያላለችውን አንድ ሰማያዊ ወረቀት ያየችው። ሁለት ቃል ብቻ ነው የተጻፈበት፤

«ለእሷ መናገር።»

ተንበርክካ ደግማ አነበበችው። «እሷ» የተባለችው ራሷ ናት፤ ሌላ ማን አለ? የሚነገራትም መሄዱ ነው። እያወቀ፣ እየሳቀ፣ ስለ እንቁራሪት ጉልበት እየተከራከረ፣ የመሄዱን ወሬ ግን መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል፤ ከወደብ ከተማ በስልክ ሊነግራት። ወረቀቱን ነቀለችው። በሕጉ መሠረት ምክንያት መጻፍ ነበረባት። «አያስፈልግም» ብላ ጻፈችና ፈርማ ካርቶኑ ውስጥ ጣለችው። ለእንቁራሪቷ ያለችውን ይቅርታ ለዚህኛው አላለችም።

ማክሰኞ ሠዓሊው ሲመጣ እንደ ወትሮው መጀመሪያ ወደ ካርቶኑ ሄደ። «እስቲ የሟቾቼን ዝርዝር ልይ» ይላል ሁልጊዜ። አንድ ወረቀት አነሣ፣ ቀልድ ተናገረ። ሌላ አነሣ። ከዚያ «ለእሷ መናገር» የሚለው እጁ ገባ።

ብሎን ጀርባዋን ሰጥታው ኮድ ትጽፍ ነበር፤ ማለት ቁልፎቹን ትነካካ ነበር።

«ይሄን... አስበሽበት ነው?» አለ።

«አስቤበታለሁ።»

«ጊዜ ስለሌለን ነው?»

«እሱም አለ።»

«ጌሙ ከወጣ በኋላስ?»

«ያኔማ ምን ያደርጋል?» አለች ሳትዞር። ያኔማ ሄደሃል ማለቷ ነበር። እሱ ግን የሰማው ሌላ ነው።

«እሺ አለቃ» አለ። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ፣ ሥዕሉን ከቤት እንደሚልክ ነግሯት ወጣ። ብሎን ስክሪኑን እያየች አንድ ፊደል ሳታነብ ቀረች፤ ዞሬ ባየሁት ኖሮ እያለች።

ሠዓሊው የሚልከው ፋይል ሁሉ ድሮ ስም ነበረው። «ዳገቷ፣ የመጨረሻ»፣ «ዳገቷ፣ በእውነት የመጨረሻ»፣ «ዳገቷ፣ አለቃ ትሙት የመጨረሻ»። ሳትስቅ የከፈተችው ፋይል የለም። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ግን በቁጥር ብቻ ይልክ ጀመር። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። ሰላምታ የለ፣ ቀልድ የለ። የሚመጡት ሥዕሎች አብዛኞቹ ዳመና ናቸው፤ ግራጫ፣ ከባድ፣ ዓይን የማይነቀልባቸው ዳመናዎች።

«ያ ልጅ ታመመ እንዴ?» አሉ አባቷ በሁለተኛው ሳምንት።

«ሥራ በዝቶበት ነው አባዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«አዬ ብሎኔ» አሉ ሰዓት ሠሪው፤ «ሁለታችሁም ሥራ ከበዛባችሁ የሚሠራው ነገር የታለ?»

ብሎን ጨዋታ ለወጠች። የጌሙ የሙከራ ቅጂ እሑድ ጠዋት ለሃምሳ ሰው ይላካል፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊጫወተው ይገባል። ጌም የሚሠሩ ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለባቸው። ራሳቸው የሠሩትን ጌም እንደ ተጫዋች ዳር እስከ ዳር አይጫወቱትም። ብሎንም ስትሞክር ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ በአቋራጭ ቁልፍ ወደ መጨረሻው ትዘላለች፤ በአቋራጭ ሲኬድ ደግሞ ደብዳቤዎቹ አይከፈቱም።

«ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ አትሰለችም?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ አንዲት የሰዓት ጥርስ ለማስተካከል ሁለት ቀን ያጎነበስኩ ሰው ነኝ። አምጪው።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ትልቁን ስክሪን ወደ ሱቁ አውጥተው ጀመሩ። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጆይስቲኩን እንደ ሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከቀንድ አውጣው ጋር ያወራሉ። «ቀስ በል ወንድሜ፣ ማን ያባርርሃል?» «ተው፣ ጨው ነው! ዞር በል፣ ዞር!» አሥራ ሰባተኛው ደብዳቤ ላይ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሃያ ስምንተኛው ላይ እስኪያስላቸው ሳቁ። ብሎን አጠገባቸው ተቀምጣ የጌሙን ጉድለት ትመዘግባለች፤ የምትመዘግበው ብዙ አልነበረም። የሠዓሊው እጅ ጽሑፍ በተከፈተ ቁጥር ግን ዓይኗን ወደ ማስታወሻዋ ትመልሳለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ለሠዓሊው አጭር መልእክት ላከችለት፤ ለሥራ ባልደረባ የሚላክ ዓይነት። «አባዬ የሙከራውን ቅጂ እየተጫወተ ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ቤት ደርሷል። ሁሉም ሰላም ነው።»

ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የሱቁ በር በኃይል ተከፈተና ሠዓሊው ገባ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በአንድ እግሩ ጥቁር፣ በሌላው ቡናማ ነጠላ ጫማ ተጫምቷል።

«ጋሼ! እባክዎ ያቁሙት!»

«ደህና ዋልክ?» አሉ ሰዓት ሠሪው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ምን አቆመዋለሁ፣ በር ላይ ደርሷል እኮ።»

«አለቃ፣ የፋይሉ ስም!» አለ ወደ እሷ ዞሮ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላያቸው ዓይኖች ላይ ሲደርስ ግን ሊለው የመጣው ግማሹ ጠፋበት። «አርባኛው... አዲሱን በቁጥር ነው የላክሁልሽ። ጌሙ የሚያውቀው አሮጌውን ስም ነው።»

ብሎን የሙያ ሰው ናትና ወዲያው ገባት። አዲሱ በሌላ ስም ከመጣ አሮጌውን አልተካውም ማለት ነው፤ ጌሙ አሁንም የሚከፍተው የድሮውን ነው። «እና ምን ችግር አለው? አሮጌው ምንድን ነው?»

«ጊዜያዊ ነው! ስንት መስመር እንደሚይዝ ለማየት ብቻ የጻፍኩት... ተራ ነገር ነው...»

ደብዳቤው ተከፈተ። ሠዓሊው ስክሪኑ ፊት ሄዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ዞር በል ልጄ፣ ግድግዳ ሆንክብኝ እኮ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ስድስት ሰዓት ተጉዤ ነው እዚህ የደረስኩት። ቀንድ አውጣውም እኔም ማንበብ ይገባናል።»

ለእሳቸው እምቢ ማለት አልቻለበትም። ወደ ጎን ዞር አለና በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ሰዓት ሠሪውም አጉሊ መነጽራቸውን አውርደው፣ እንደ ቀደሙት ደብዳቤዎች ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«አለቃ፤ ይህን እንደማታነቢው አውቃለሁ። ሁልጊዜ ከሦስተኛው ቤት ወደ መጨረሻው ትዘያለሽ፣ የምልክልሽን ደብዳቤም ‹እጅህን አምነዋለሁ› ብለሽ ሳትከፍቺ ታስገቢዋለሽ። ስለዚህ የልቤን ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። አባቴ ወደ ወደብ ከተማ ሂድ ብሎኛል። አልሄድም አልኩት። እሱ ‹አልሄድም› የሚለውን ቃል ለመስማት ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ላገኘው ሰው ሁሉ ይሄዳል እያለ ይናገራል። አትደንግጪ፣ አልሄድም።»

ሰዓት ሠሪው ትንፋሽ ወሰዱ። ልጃቸውን በጎን አዩዋት። ቀጠሉ።

«ለአንቺ የምናገረው ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ ‹ለእሷ መናገር› ብዬ ለጥፌዋለሁ፤ ጌሙ ከወጣ በኋላ ከሚለው ረድፍ ታች። እምቢ ካልሽኝ ጌሙ ይበላሻል፣ እሺ ካልሽኝ ደግሞ ከደስታ ብዛት አንዲት መስመር መሣል ያቅተኛል፤ በሁለቱም ዕቅድሽ ይዘገያል። ከመኪናው ሁለት መንገድ ቀድሜ የምወርደው እናንተ ደጃፍ ላይ በእግሩ እንደመጣ እንደማንኛውም ሰው እንድታዪኝ ብዬ ነው። ከትናንት ወዲያ አንዲትን እንቁራሪት ‹ይቅርታ እናቴ› አልሻት። እኔ ያኔ አልቋል ጉዳዬ። እወድሻለሁ።»

ሰዓት ሠሪው ጆይስቲኩን አስቀመጡ።

«ብሎኔ» አሉ አባቷ በቀስታ፤ «ይህቺኛዋ ለቀንድ አውጣው የተጻፈች አይመስለኝም።»

ብሎን ማስታወሻዋን በደረቷ ታቅፋ ቆማለች። ልትናገር ስትሞክር መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው፣ ከሳቁ ጋር እንባ። «አባትህ እዚህ መጥተው ነበር» አለችው። «ያለቀ ነገር ነው፣ ይሄዳል ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ያንን ወረቀት ሳይ... መሄድህን ልትነግረኝ መሰለኝ።»

ሠዓሊው መዳፉን ከፊቱ ላይ አወረደ። «መሄዴን? እና ‹አያስፈልግም› ያልሽው...»

«መሰናበትህን ነዋ!»

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳመና ብቻ ነው የሣልኩት።»

«አየሁት። በጣም ያምራሉ» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሁሉንም አስገብቻቸዋለሁ።»

እሱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። «አባትህስ?» አለች። «የአያትህን ሰዓት ሊያስጠግኑ አምጥተው፣ ሲሸኝ አስርለታለሁ ነው ያሉት። አንጀቴን ነው የበሉት። እኔ ልጃቸውን የቀማሁባቸው ሰው መሆን አልፈልግም።»

«አትቀሚውም። እዚህ አምጥቼ ቀንድ አውጣውን አጫውተዋለሁ» አለ ሠዓሊው። «ግንበኛ ያሳደገው ሰው ነው፤ ቀስ ተብሎ የተሠራ ነገር ሲያይ ያውቃል። ብቻ ጊዜ ይፈልጋል።»

ሰዓት ሠሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባንኮኒው ላይ የተቋራጩ ሰዓት ተጠርጎ፣ ተጠግኖ፣ ያለ ችግር ይቆጥራል። አነሡት፣ ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ሰሙት፣ ከዚያ ክዳኑን መልሰው ፈቱት።

«አርባ ዓመት ለደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም» አሉ። «ግን ይቺ ጥርስ ትንሽ የምታጠራጥረኝ ይመስለኛል። ደህና አድርጌ ላያት ሦስት ወር ሳይፈጅብኝ አይቀርም። አባትህ በየሳምንቱ እየመጡ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ እግረ መንገዳቸውንም ይጫወታሉ።»

ብሎን ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባች፣ ሠዓሊውም ተከተላት። የመጀመሪያ ሥራዋ አሮጌውን ደብዳቤ ከጌሙ አውጥታ አዲሱን መተካት ነበር። አሮጌውን ግን አላጠፋችውም፤ ወደ ራሷ ማኅደር አዛወረችና ስሙን «የእኔ» አለችው። ከዚያ ከካርቶኑ ውስጥ ሰማያዊውን ወረቀት ፈልጋ አወጣች፣ «አያስፈልግም» የሚለውን ሰረዘች፣ ፈረመች። እስክሪብቶውን ሰጠችው። እሱም ፈረመ፤ ሠዓሊ ሆኖ ፊርማው እንዲህ ተጣሞ አያውቅም።

«የት እንለጥፈው?» አለ።

«አሁን» የሚለው ረድፍ አናት ላይ ለጠፈችው።

«እንግዲያው ልናገር» አለ። ጆሮው ላይ ካለው ቀለም ይልቅ ፊቱ ይቀላ ነበር። «እወድሻለሁ አለቃ። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። ግን በአፌም ልበለው ብዬ ነው።»

ብሎን ጠረጴዛው ላይ ካለው ቢጫ ወረቀት አንድ ቀደደች።

«አለቃ?» አለ ሠዓሊው ዓይኑን አፍጥጦ። «አዲስ ወረቀት? ዘጠኝ ሳምንት ሲቀረን? ሕጉስ?»

«ዝም በል፣ እየጻፍኩ ነው።»

ጻፈችና ግድግዳው ላይ፣ ከሰማያዊው አጠገብ፣ ጫፍና ጫፉ እስኪነካካ አስጠግታ ለጠፈችው። «አርባ አንደኛ ደብዳቤ፤ መልስ። የምትጽፈው፦ ብሎን። የሚከፈተው፦ ለአንድ ተጫዋች ብቻ።»

«እሱንም የማደርሰው እኔ ነኝ?» አሉ አባቷ ከመጋረጃው ማዶ። «ቀንድ አውጣውን እኔ አውቀዋለሁ። አደራ አይበላም።»

«ይህችኛዋ በእጅ ነው የምትደርሰው አባዬ» አለች ብሎን።

ሠዓሊው ባለቀለም እጁን ዘረጋ። ያዘችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ግድግዳ ላይ ወረቀት ስትነቅል ነበር ሥራዋ የቀለለ የሚመስላት። ያን ቀን አንድ ጨምራበት፣ እጁ እጇ ውስጥ እየሞቀ፣ ደረቷ እንደ ወፍ ላባ ቀለላት።